ሙቀት ለመያዝ የትኛው ንጥረ ነገር ይሻላል? በክብደት፣ በቦታ ወይስ በአቶም ቁጥር

መቶ ግራም አሉሚኒየም፣ መቶ ግራም መዳብና መቶ ግራም እርሳስ በፈላ ውሃ ውስጥ ነክረን ሦስቱም 100 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪደርሱ እንጠብቅ። ከዚያም እያንዳንዳቸውን 20 ዲግሪ ላይ ያለ 200 ግራም ውሃ በያዘ የየራሳቸው ዕቃ ውስጥ እንጨምር። ሙቀት ወደ ውጭ እንዳያመልጥ ከተጠነቀቅን፣ አሉሚኒየም የገባበት ውሃ 27.8 ዲግሪ ይደርሳል። መዳብ የገባበት 23.5 ላይ ይቆማል። እርሳስ የገባበት ግን 21.2 ላይ ይቀራል፤ እጅ ቢነከርበት ለውጡ አይታወቅም። ሦስቱም እኩል ይመዝናሉ፣ ሦስቱም እኩል ግለው ነበር፤ የያዙት ሙቀት ግን እጅግ ይራራቃል።

አሁን አንድ ነገር ብቻ ለውጠን ሙከራውን እንድገመው። እኩል የሚመዝኑ ሳይሆን እኩል ቦታ የሚይዙ፣ እያንዳንዳቸው 20 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሆኑ ቁራጮች እንውሰድ። በዚህኛው ሙከራ መዳብ ውሃውን 26.1 ዲግሪ ያደርሰዋል፣ አሉሚኒየም 24.4፣ እርሳስ 22.7። አንደኛውና ሁለተኛው ቦታ ተለዋወጡ። የማዕድኖቹ ጠባይ ያው ነው፤ የተለወጠው እኛ የጠየቅነው ጥያቄ ነው።

ሰዎች ለአንድ ሥራ ማዕድን ሲመርጡ የልዩ ሙቀት አቅም ሰንጠረዥ ይገልጡና ትልቁን ቁጥር ፈልገው ያቆማሉ። ይህን ስህተት ደጋግሜ ስላየሁት ነው መመሪያውን የምጽፈው። ከንጥረ ነገሩ በፊት መመረጥ ያለበት መለኪያው ነው።

ሦስት መለኪያዎች፣ ሦስት የተለያዩ ደረጃዎች

ልዩ የሙቀት አቅም የሚባለው አንድ ግራም የሆነን ነገር በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው የሙቀት መጠን ነው፤ የሚለካውም በጁል ነው። በግራም ፋንታ አንድ ሞል ከወሰድን፣ ማለትም ቁጥራቸው እኩል የሆነ አቶሞችን ካወዳደርን፣ የሞል ሙቀት አቅም እናገኛለን። የግራሙን ቁጥር በእፍግታ ስናባዛው ደግሞ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚይዘውን ሙቀት እናውቃለን። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሚሠሩና የተጠጋጉ ናቸው፤ ሁሉም በጁል፣ ለአንድ ዲግሪ ጭማሪ ነው።

| ንጥረ ነገር | በ1 ግራም | በ1 ሞል | በ1 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር |
|---|---|---|---|
| ሊቲየም | 3.58 | 24.9 | 1.91 |
| ቤሪሊየም | 1.83 | 16.4 | 3.37 |
| ሶዲየም | 1.23 | 28.2 | 1.19 |
| ማግኒዥየም | 1.02 | 24.9 | 1.78 |
| አሉሚኒየም | 0.897 | 24.2 | 2.42 |
| ግራፋይት | 0.71 | 8.5 | 1.6 |
| አልማዝ | 0.51 | 6.1 | 1.79 |
| ብረት | 0.449 | 25.1 | 3.53 |
| ኒኬል | 0.444 | 26.1 | 3.95 |
| መዳብ | 0.385 | 24.4 | 3.45 |
| ብር | 0.235 | 25.4 | 2.47 |
| ባዜቃ | 0.140 | 28.0 | 1.89 |
| ተንግስተን | 0.132 | 24.3 | 2.54 |
| ወርቅ | 0.129 | 25.4 | 2.49 |
| እርሳስ | 0.129 | 26.7 | 1.46 |

የመጀመሪያውን የቁጥር ዓምድ ከላይ ወደ ታች ብናነበው ከሊቲየም እስከ እርሳስ ሃያ ስምንት እጥፍ ገደማ ልዩነት አለ። መካከለኛውን ስናነብ ግን ካርቦን (ግራፋይትና አልማዝ) እና ቤሪሊየም ካልሆኑ በቀር ሁሉም 25 አካባቢ ተሰብስበዋል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

በ1819 ፈረንሳውያኑ ፒየር ዱሎንግና አሌክሲ ፔቲ ይህን አስተዋሉ፦ የጠጣር ንጥረ ነገሮች የግራም ሙቀት አቅም በአቶማዊ ክብደታቸው ሲባዛ ውጤቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቁጥር ይጠጋል። በዛሬው መለኪያ ቁጥሩ 24.9 ጁል ነው። ምክንያቱ ሲታወቅ ቀላል ነው። በጠጣር ነገር ውስጥ ሙቀት የሚቀመጠው በአቶሞች መርገብገብ ነው፤ በበቂ ሙቀት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ አቶም፣ ከባድም ይሁን ቀላል፣ የሚወስደው ድርሻ እኩል ነው። የእርሳስ አቶም ከአሉሚኒየም አቶም 7.7 ጊዜ ይከብዳል። ስለዚህ በአንድ ግራም እርሳስ ውስጥ ያሉት አቶሞች በአንድ ግራም አሉሚኒየም ካሉት በዚያው ልክ ያንሳሉ፤ ሙቀት ተቀባዮቹም ያንሳሉ። እርሳስ በግራም ድሃ የሆነው አቶሞቹ ሰነፎች ስለሆኑ ሳይሆን ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ነው።

የሞሉ መለኪያ ለዕለት ሥራ እምብዛም አያገለግልም። ዋጋው በሌላ ቦታ ነው፤ ከታሪኮቹም ሁሉ የኢንዲየም ታሪክ እኔን ይበልጥ ይማርከኛል። ኢንዲየም በ1863 በጀርመን ፍራይበርግ ሲገኝ ከኦክስጅን ጋር አንድ ለአንድ ይዋሃዳል ተብሎ ስለታሰበ አቶማዊ ክብደቱ 75.6 ገደማ ነው ተባለ። ዲሚትሪ ሜንዴሌየቭ ግን በዚህ ክብደት በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ አጣለት፤ ትክክለኛው 113 አካባቢ መሆን አለበት አለ። ክርክሩን የፈታው የሙቀት አቅም ነው። በ1870 ሮበርት ቡንሰን በበረዶ ካሎሪሜትሩ፣ ማለትም በሙቀት መጠን መለኪያ መሣሪያው፣ ሲለካው በዛሬው አሃድ 0.238 ጁል በግራም ሆነ። ይህን በ75.6 ብናባዛ 18 ይመጣል፤ ከዱሎንግና ፔቲ ቁጥር በጣም ይርቃል። በ113 ብናባዛ ግን 26.9 ይሆናል፤ ኢንዲየም ከጎረቤቶቹ ጋር ይሰለፋል። አንድን ማዕድን በማሞቅና በማቀዝቀዝ ብቻ አቶሙ ምን ያህል እንደሚመዝን ማወቅ መቻሉ ዛሬም ያስደንቀኛል።

ሃይድሮጂን ትልቁ ቁጥር አለው፣ ግን

ከንጥረ ነገሮች ሁሉ በግራም የሚበልጠው ሃይድሮጂን ነው፤ 14.3 ጁል። ሂሊየም በ5.19 ይከተለዋል። ውሃ እንኳ 4.18 ብቻ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያየ ሰው ሃይድሮጂን ሙቀት ለመሸከም ተወዳዳሪ የለውም ብሎ ሊደመድም ይችላል።

አንድ ሊትር ጋዝ በመደበኛ የአየር ግፊትና በ25 ዲግሪ ላይ እንውሰድ። ሃይድሮጂን 1.18 ጁል ይይዛል፣ ናይትሮጂን 1.19፣ ኦክስጅን 1.20። ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ምክንያቱም እኩል ቦታ የያዙ ጋዞች በእኩል ግፊትና ሙቀት ላይ እኩል የሞለኪውል ቁጥር አላቸው። ሂሊየምና አርጎን አቶሞቻቸው ነጠላ ነጠላ ስለሆኑ ሙቀት ተቀብሎ የሚሽከረከር የአቶም ጥንድ የላቸውም፤ ስለዚህ ሁለቱም ወደ 0.85 ዝቅ ይላሉ። ሃይድሮጂን በትላልቅ የኃይል ማመንጫ ጄነሬተሮች ውስጥ ለማቀዝቀዣነት የሚመረጠው በሌላ ምክንያት ነው። ከአየር ሰባት ጊዜ ያህል የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል፤ እጅግ ቀላል በመሆኑም የሚሽከረከረውን አካል ብዙም አይጎትተውም። ከአየር ጋር ሲቀላቀል ስለሚፈነዳ ጥብቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ጋዞችን ሲያወዳድሩ ሌላም ወጥመድ አለ። ጋዝ እንዲሰፋ ተፈቅዶለት ሲሞቅና በዝግ ዕቃ ታስሮ ሲሞቅ የሚወስደው ሙቀት ይለያያል፤ ሂሊየም በመጀመሪያው 5.19፣ በሁለተኛው 3.12 ነው። በክፍት ቱቦ ለሚፈስ ጋዝ የመጀመሪያውን፣ በታሸገ ጋን ውስጥ ላለ ሁለተኛውን መያዝ ነው። በጠጣሮች ላይ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ለተራ ሥራ መተው ይቻላል።

ክብደት ሲያሳስብ

የሚበር ወይም የሚወነጨፍ ነገር ከሆነ የግራሙ ዓምድ ይገዛል። ሊቲየም በዚህ ዓምድ ከጠጣሮቹ ሁሉ አንደኛ ነው፤ ነገር ግን በ180 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከውሃ ጋር በኃይል ይዋሃዳል፣ በእጅ የሚያዝ ቁራጭ ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። በተግባር ወደ ቤሪሊየም መውረድ ይሻላል። ከአሉሚኒየም በእጥፍ ይበልጣል፤ እስከ 1287 ዲግሪም አይቀልጥም።

ይህ ምርጫ በሰው ሕይወት ላይ ተፈትኗል። ግንቦት 5 ቀን 1961 እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር አሜሪካዊው ጠፈርተኛ አለን ሼፐርድ ወደ ጠፈር ደርሶ ሲመለስ መንኮራኩሩን ከአየር ሰበቃ ሙቀት የጠበቀው ከታች የተገጠመ የቤሪሊየም ጋሻ ነበር። ጋሻው ሙቀቱን ጠጥቶ በውስጡ ይይዝ ነበር። በረራው አጭርና መሬትን የማይዞር ስለነበር የሚመጣው ሙቀት ከጋሻው አቅም አላለፈም። ጆን ግሌን በ1962 መሬትን ሲዞር ግን ፍጥነቱም ሙቀቱም ከዚያ ሁሉ በላይ ስለነበር ሙቀት መያዝ ብቻ አልበቃም፤ እየተቃጠለና እየተላጠ ሙቀቱን ይዞ የሚሄድ ሌላ ዓይነት ጋሻ ተገጠመ። ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይያዝ፦ የሙቀት አቅም ጊዜ ይገዛል እንጂ ሙቀትን አያጠፋም። ለአጭር ጊዜ ግርፋት ይሆናል፤ ለሚዘልቅ ሙቀት ግን መውጫ መንገድ ያስፈልጋል።

የቤሪሊየም አቧራ ሳንባን ክፉኛ ይጎዳል። በግልዎ ለሚሠሩት ነገር ይህን ማዕድን አይምረጡ፤ አሉሚኒየም ወይም ማግኒዥየም በቂ ነው።

ቦታ ሲጠብ

የመጨረሻውን ዓምድ ያንብቡ። ከተለመዱት ብረታ ብረቶች ኒኬል ይመራል፤ ብረትና መዳብ ትከሻ ለትከሻ ይከተላሉ። ብረት ርካሽ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ምርጫው እዚያ ያበቃል። ውሃ በ4.18 ሁሉንም እንደሚበልጥ አይዘንጉ፤ ነገር ግን ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ ብረት ግን ያለ ችግር 500 ዲግሪ ድረስ ሊግል ይችላል። ከ20 ዲግሪ ተነስቶ እስከዚያ የሚከማችበት ሙቀት ከውሃው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ስለ ብረት መጥበሻ የሚነገር አንድ ነገር እዚህ ላይ ቢታረም ደስ ይለኛል። ከባድ የብረት መጥበሻ ሙቀት አጥብቆ ይይዛል ይባላል፤ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ብረት የተለየ የሙቀት አቅም ስላለው አይደለም፤ በግራም ከአሉሚኒየም በግማሽ ያንሳል። ሙቀት የሚይዘው ወፍራምና ከባድ ተደርጎ ስለሚሠራ ነው። እኩል የሚመዝን የአሉሚኒየም መጥበሻ ቢሠራ ከእሱ እጥፍ ሙቀት በያዘ ነበር።

መዳብ ወይስ አሉሚኒየም

የኮምፒውተርንም ሆነ የሌላ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃን ለማቀዝቀዝ የሚገጠሙት ክንፋማ ማብረጃዎች ከሁለቱ ከአንዱ ይሠራሉ፤ ጥያቄውም ብዙ ጊዜ ይነሳል። በቁጥር እንየው። 50 ዋት የሚያመነጭ አካል ላይ 200 ግራም አሉሚኒየም ተገጥሟል እንበል። ሙቀት ገና መውጣት ሳይጀምር አሉሚኒየሙ በየሰከንዱ 0.28 ዲግሪ ይግላል። መልኩና መጠኑ ያው የሆነ የመዳብ ማብረጃ 664 ግራም ይመዝናል፤ በየሰከንዱ የሚግለው 0.20 ዲግሪ ነው። ክብደቱን ወደ 200 ግራም ብናወርደው ግን መዳቡ 0.65 ዲግሪ በሰከንድ ይግላል፤ ከአሉሚኒየሙ በእጥፍ ይፈጥናል።

ይህ ሁሉ ስለ መጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ነው። መሣሪያው ለሰዓታት ሲሠራ የሚገባው ሙቀትና በአየር የሚወጣው እኩል ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ የሙቀት አቅም ምንም ድርሻ የለውም። የመጨረሻውን ሙቀት የሚወስኑት የክንፎቹ ስፋት፣ የአየሩ ፍሰትና ማዕድኑ ሙቀትን የሚያስተላልፍበት ፍጥነት ናቸው። መዳብ በዚህ የመጨረሻው ይበልጣል፤ 400 ዋት በሜትር በዲግሪ ገደማ ሲሆን አሉሚኒየም 237 ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ከአንዲት ጠባብ ነጥብ የሚፈልቅ ከሆነ ከሥሩ መዳብ፣ ክንፎቹ ግን አሉሚኒየም ቢሆኑ እመርጣለሁ። ሥራው አልፎ አልፎ ለጥቂት ሰከንዶች የሚጋልና የሚያርፍ ከሆነ፣ ክብደቱም ካላስጨነቀ፣ ሙሉ መዳብ። ለቀረው ሁሉ አሉሚኒየም።

ሶዲየም ወይስ እርሳስ

በአንዳንድ የኑክሌር ማብላያዎች ሙቀቱን የሚያጓጉዘው የቀለጠ ብረታ ብረት ነው። ከ1980 ጀምሮ የሚሠራው የሩሲያ ቤሎያርስክ ጣቢያ ቢኤን-600 ማብላያ ሶዲየም ይጠቀማል፤ አልፋ የሚባሉት የሶቪየት ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች የእርሳስና የቢስሙት ቅይጥ ነበራቸው። በ450 ዲግሪ ገደማ አንድ ግራም ቀልጦ የሚፈስ ሶዲየም 1.27 ጁል ሲይዝ እርሳስ 0.147 ብቻ ይይዛል። በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር ግን እርሳስ 1.5፣ ሶዲየም 1.1 ገደማ ነው። እኩል ስፋት ባለው ቱቦ፣ በእኩል ፍጥነት፣ እርሳሱ የበለጠ ሙቀት ያደርሳል። ይሁን እንጂ ፓምፑ ከአሥር እጥፍ በላይ የከበደ ፈሳሽ መግፋት አለበት። በዚያ ላይ እርሳስ እስከ 327 ዲግሪ ካልሞቀ ይረጋል፣ የብረት ቱቦንም ይበላል። ሶዲየም በ98 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሙቀትን በፍጥነት ያስተላልፋል፤ አየር ሲነካው ግን ይቃጠላል፣ ውሃ ሲነካው በኃይል ይዋሃዳል። ይህን ምርጫ የሙቀት አቅም ብቻውን አይወስነውም፤ የእሳት ስጋትና የብረት መበላት ይቀድማሉ።

ትንሽ ሙቀት መያዝ ራሱ የሚፈለግበት ጊዜም አለ። ቴርሞሜትር ሊለካው ከሚገባው ነገር ብዙ ሙቀት ከወሰደ ልኩን ራሱ ያዛባዋል። ባዜቃ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚወስደው ውሃ ከሚወስደው ከግማሽ ያነሰ ነው። አልኮልም በዚህ እኩያው ነው፤ ባዜቃ የሚበልጠው ሙቀቱን ቶሎ በመላው አካሉ በማዳረስ ነው። መርዛማ ስለሆነ ግን ዛሬ በየቦታው እየተተወ ነው።

ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ 25 ዲግሪ ነው

የካርቦን ቁጥሮች ከሌሎቹ የተለዩት ለምንድን ነው? አልማዝ በሞል 6.1 ጁል ብቻ ነው፤ ሊኖረው ከሚገባው ሩብ ያህል። ዱሎንግና ፔቲ ያገኙት ሕግ እዚህ ላይ ለምን እንደሚፈርስ ለአሥርተ ዓመታት አልታወቀም። አልበርት አይንስታይን በ1907 የሰጠው ማብራሪያ መሠረቱ ይህ ነው፦ አቶም ኃይልን የሚቀበለው እንደ ደረጃ በተከፋፈለ መጠን ነው። ቀላልና ጠንክሮ የተሳሰረ አቶም ደረጃው ረጅም ነው፤ በተራ ሙቀት አብዛኞቹ ሊወጡት አይችሉም። የእርሳስ አቶሞች ከባድና ልል ስለሆኑ ደረጃቸው አጭር ነው። ፒተር ዴባይ በ1912 ስሌቱን አሻሽሎ ለእያንዳንዱ ጠጣር የራሱን ወሰን አወጣ፤ ከዚያ ወሰን በታች የሙቀት አቅም በፍጥነት ይወድቃል። የአልማዝ ወሰን ከ2000 ኬልቪን (ዜሮው ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሆነ መለኪያ) በላይ ነው፣ የመዳብ 340 ገደማ፣ የእርሳስ 105 ብቻ።

ለመራጭ ሰው ይህ ተግባራዊ ውጤት አለው። ግራፋይት በ25 ዲግሪ 0.71 ቢሆንም 730 ዲግሪ ሲደርስ 1.8 ገደማ ይሆናል፤ እንደ አውሮፕላን ፍሬን ላለ በጣም ለሚግል ነገር ካርቦን የሚመረጥበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ብረት ደግሞ መግነጢሳዊነቱን በሚያጣበት 770 ዲግሪ ላይ የሙቀት አቅሙ ሹል ሆኖ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የሰንጠረዡን ቁጥር ከመውሰድዎ በፊት የሚሠሩበት ሙቀት ከ25 ዲግሪ ምን ያህል እንደሚርቅ ይመልከቱ። አሃዱንም እንዲሁ፤ የቆዩ መጻሕፍት በካሎሪ ያስቀምጡታል፣ ወደ ጁል ለመመለስ በ4.184 ማባዛት ነው።

ወደ ቅዝቃዜው ስንሄድ ደግሞ በመጀመሪያው ሙከራ ተሸናፊ የነበረው እርሳስ ተነስቶ ይበልጣል። በ20 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ፣ የመዳብ አቶሞች መርገብገብ ከሞላ ጎደል ተኝቷል፤ የእርሳስ ግን ገና ንቁ ነው። እኩል ቦታ የሚይዙ የመዳብና የእርሳስ ቁራጮች ቢወዳደሩ እርሳሱ ከአምስት እጥፍ በላይ ሙቀት ይይዛል። ለዚህ ነው እጅግ ቀዝቃዛ ማሽኖችን የሚሠሩ መሐንዲሶች ጋዙ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ሙቀቱን በሚያስቀምጥበትና መልሶ በሚወስድበት ቱቦ ውስጥ ጥቃቅን የእርሳስ ድብልብሎች ሲሞሉ የኖሩት። ከ10 ኬልቪን በታች እርሳስም ይደክማል፤ በዚያ ሆልሚየምንና መዳብን ያዋሃዱ ውህዶች ቦታውን ይረከባሉ።